አምስት ቦታ ተበትኖ አንድ ቦታ የተቀመጠ ገንዘብ

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የምኖረው ለገጣፎ ነው። ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ፤ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር እሸጣለሁ። ባለቤቴ ሲኖትራክ አለው፤ አሸዋና ጠጠር ያመላልሳል። ግቢያችን ውስጥ ስድስት ሰርቪስ ክፍሎች ሠርተን እናከራያለን። ተከራዮቹ ግንበኞችና የቀን ሠራተኞች ናቸው። ከሱሉልታ አጣና እያመጣን ለመወጣጫ እንሸጣለን። ከሱቅ ጎረቤቶቼ ጋርም ዕቁብ እጥላለሁ።

አሁን እጃችን ላይ 900 ሺህ ብር አለ። የባለቤቴ ወንድም የብሎኬት ማሽን አብረን እንግዛ፣ በዓመት ተኩል ገንዘባችሁ ይመለሳል ይላል። ሰንዳፋ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ አምስት የወተት ላሞች አሏት፤ ሦስት ጨምሪልኝና ከሦስቱ የሚገኘውን እኩል እንካፈል ትላለች። ባለቤቴ የላሙን ነገር ሲሰማ ይስቃል። ‹አምስት ቦታ በትነናል፣ ከእንግዲህ ምን ያሰጋናል?› ይለኛል። እኔ ግን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ለምን እንደሆነ በቃል ማስረዳት አልቻልኩም። እንደ ታናሽ እህትዎ ቆጥረው ይምከሩኝ።»

እህቴ፣

ስጋትሽ ከንቱ አይደለም። ባለቤትሽ አምስት ገቢ ይቆጥራል። አንቺ ቃሉ ባይመጣልሽም አንድ ገቢ ነው የሚታይሽ። እኔም ደብዳቤሽን ሁለቴ አንብቤ ያገኘሁት አንድ ነው።

እስቲ አንድ ክፉ ወቅት እንውሰድ። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። የዋጋ ንረቱን ለማብረድ ነበር። እንዲህ ያለ ውሳኔ ለገጣፎ ያለ ሱቅ ድረስ የሚመጣው እንዴት ነው? ብድር ሲጠብቅ ቶሎ ከሚነካቸው አንዱ ኮንትራክተሩ ነው። ብድር ያጣ ኮንትራክተር ሥራ ያዘገያል። ሥራ ካዘገየ ሲሚንቶና ፌሮ አይገዛም፤ ቀድሞ በዱቤ የወሰደውንም ነገ ዛሬ ይልሻል። አሸዋና ጠጠር አያዝዝም፤ ሲኖትራኩ በር ላይ ይቆማል። መወጣጫ አይተክልም፤ አጣናው ግቢ ውስጥ ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቅበታል። ግንበኛውና የቀን ሠራተኛው ጓዙን ጠቅልሎ ሥራ ወዳለበት ሰፈር ይሄዳል፤ ክፍሎቹ ባዶ ይሆናሉ። ዕቁቡስ? አባላቱ የሱቅ ጎረቤቶችሽ ናቸው። ከአንቺ ሲሚንቶ የሚገዛ ከጠፋ ከእነሱም የሚገዛ የለም። ገንዘቡ በጣም በሚያስፈልግሽ ሳምንት ዕቁብ የሚጥል ሰው ይጠፋል።

አምስቱም በአንድ ሰሞን ማለት ነው። ሥራዎቹ የተለያዩ ይመስላሉ፤ የሚከፍላቸው ሰው ግን አንድ ነው። ለገጣፎና ዙሪያው ላይ ቤት የሚያሠራ ሰው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምርልሽ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ተወሰነ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በእጅሽ የነበረው ፌሮና ቆርቆሮ በወረቀት ላይ ዋጋው ወጣ፤ የዚያን ሳምንት ደስ ብሎሽ ይሆናል። ግን በጀቱን ቆጥሮ መሠረት ያወጣ ሰው በአዲሱ ዋጋ ግድግዳውን መጨረስ ያቅተዋል። ቤቱን ግማሽ ላይ ያቆመዋል። ያን ጊዜ እንደገና አምስቱም ገቢ አብሮ ይቆማል። ለሲኖትራኩ ጎማና መለዋወጫም የምትከፍሉት በአዲሱ ምንዛሪ ነው።

የቦታውንም ነገር አትርሺ። ሁሉም ንብረታችሁ አንድ ከተማ ውስጥ ነው። በየካቲት 2011 ለገጣፎ ላይ ሕገ ወጥ ተብለው የፈረሱትን ቤቶች ታስታውሻለሽ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ቤቱ ያልተነካ ነጋዴ እንኳ ደንበኛው ይነካበታል። «ቤት አይከስርም» የሚሉ ሰዎች ይህንን ሲያነሱ አልሰማም።

እድራችንን አስቢ። በየወሩ የምናዋጣው ትንሽ ገንዘብ ለድንኳኑም ለንፍሮውም የሚበቃው ለምንድነው? ሁሉም ቤት በአንድ ወር ኀዘን ስለማይገባበት ነው። የእኔ ቤት ኀዘን ከጎረቤቴ ቤት ኀዘን ጋር አይያያዝም። ወረርሽኝ መጥቶ ሰፈሩን በሙሉ ቢመታ ግን አባሉ ሁለት መቶም ሆነ አራት መቶ ሣጥኑ ይራቆታል። የእናንተ አምስት ሥራ አባላቱ ሁሉ በአንድ በሽታ የሚታመሙ እድር ነው።

ይህ ነገር በቁጥር ይለካል። ተዛምዶ ይባላል፤ የፋይናንስ ሰዎች ኮሪሌሽን ይሉታል። ቁጥሩ ከ−1 እስከ +1 ነው። ሁለት ገቢዎች ሁልጊዜ አብረው የሚወጡና አብረው የሚወርዱ ከሆነ +1 ነው። አንዱ በወጣ ቁጥር ሌላው የሚወርድ ከሆነ −1 ነው። አንዱን አይተሽ ስለሌላው ምንም ማለት ካልቻልሽ 0 ገደማ ነው።

ትንሽ ስሌት ታገሺኝ፤ ለባለቤትሽም ታሳዪዋለሽ። ገንዘባችሁ በአምስቱ ሥራ ላይ እኩል ተከፍሏል እንበል። የእያንዳንዱ ትርፍ ከአማካዩ 20 በመቶ ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ይዋዥቃል እንበል። በሥራዎቹ መካከል ያለው ተዛምዶ 0 ቢሆን የአምስቱ ድምር የሚዋዥቀው 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስጋቱ ከግማሽ በታች ወረደ፤ ያውም የአንዱንም ሥራ ትርፍ ሳትቀንሱ። ተዛምዶው 0.8 ቢሆንስ? ድምሩ 18 በመቶ ገደማ ይዋዥቃል። ከ20 ወደ 18! አራት ተጨማሪ ሥራ፣ አራት ተጨማሪ ራስ ምታት፣ የተገኘው እፎይታ ግን ሁለት ነጥብ እንኳ አይሞላም። በሌላ በኩል የማይተዋወቁ ሁለት ሥራዎች ብቻ ቢኖሯችሁ ድምሩ የሚዋዥቀው 14 በመቶ ገደማ ነው። ሁለት ባይተዋር ሥራዎች ከአምስት ዘመዳሞች ይሻላሉ ማለት ነው።

የእናንተ 0.8 ነው ብዬ አልምልም። ግን ከደብዳቤሽ ስገምት ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ይህን ስሌት በወጉ ያስቀመጠው ሃሪ ማርኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ጽሑፉን ያወጣው በ1952 እ.ኤ.አ. ነበር፤ በ1990 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ሆነ። እሱ የተነጋገረው ስለ አክሲዮን ነው፤ ሐሳቡ ግን ለሲኖትራክም ይሠራል። አንድ ሥራ ብቻውን አደገኛ ነው ወይስ አይደለም ብለሽ አትጠይቂ። አሁን ካለሽ ላይ ሲጨመር ጠቅላላውን ምን ያደርገዋል ብለሽ ጠይቂ። ብቻውን ሲታይ የሚያስፈራ ነገር ካለሽ ንብረት ጋር ሲገጣጠም ሊያረጋጋሽ ይችላል። ብቻውን ሲታይ አስተማማኝ የሆነው ደግሞ ያለብሽን ስጋት ሊያባብሰው ይችላል።

አሁን ወደ ማሽኑና ወደ ላሞቹ እንምጣ።

ብሎኬት ማምረት ጥሩ ሥራ ነው፤ አላጣጥልም። ግን ከምን ይሠራል? ከሲሚንቶ፣ ከአሸዋ፣ ከጠጠር። ማን ይገዛዋል? ያው ቤት የሚያሠራው ሰው። ሲሚንቶ ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፤ ግንባታ ሲቀዘቅዝ የተመረተው ብሎኬት ይከመራል። በዚያ ላይ ሽያጩ በዱቤ ነው፤ ባለዕዳዎቹም ዛሬ ከሱቅሽ የተበደሩት ሰዎች ይሆናሉ። አንዲት መምህርት ወይም ነርስ ይህን ማሽን ልግዛ ወይ ብላ ብትጽፍልኝ ምናልባት ግዢ እላት ነበር። ለአንቺ ግን ስድስተኛው ተመሳሳይ ሥራ ነው። ዓመት ተኩል የተባለው ሒሳብም ጥሩ ወራትን ብቻ ይዞ የተሠራ ይመስለኛል። ወንድምዬውን ክረምቱን ቆጥረኸዋል ወይ በይው።

ላም ለብቻዋ ካየሻት ከብሎኬት ማሽን የባሰች አደገኛ ናት። ማሽን አይታመምም፤ ላም ትታመማለች። የአፍና የእግር በሽታ አለ፤ የጡት በሽታ አለ። የፉርሽካና የፋጉሎ ዋጋ አንዴ ከወጣ አይመለስም። ላም ሞታ ሁሉን ነገር ይዛ ልትሄድ ትችላለች። ባለቤትሽ የሚስቀው ይህን እያሰበ ከሆነ ልክ ነው።

ነገር ግን ላም የምትታመመው ባንክ ብድር ስለከለከለ አይደለም። ኮንትራክተሩ ሥራ ስላቆመ የሕፃን ወተት ፍላጎት አይቆምም። ማኪያቶውም ይጠጣል። የላሟ ችግር ሌላ ችግር ነው፣ የሚመጣውም በሌላ መንገድ ነው። እኛ የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

ወቅቱንም አስተውዪ። ወተት ላይ የሚከብደው ጊዜ ዐቢይ ጾም ነው። 55 ቀን ሙሉ ጿሚው ወተት አይገዛም፤ ገበያው ይደክማል፤ ባለላሞች ወተቱን ለፋሲካ ቅቤ ወደ ማድረጉ ያዘነብላሉ። ዐቢይ ጾም የሚውለው ግን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። ያኔ በጋ ነው፤ መንገዱ ደረቅ ነው፤ ግንበኛው ሥራ ላይ ነው፤ ሱቅሽ ይደራል። ክረምት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ጭቃው ሲኖትራኩን ይይዘዋል፤ መሠረት መቆፈር ይቆማል፤ ሱቁ ፀጥ ይላል። በዚያን ጊዜ ግን ሰንዳፋ ላይ ሣር ሞልቷል፤ የመኖ ወጪ ይቀልላል፤ ወተት ይታለባል። ነሐሴ ላይ ፍልሰታ አለ፤ በነዚያ ቀናት ሁለቱም አብረው ይደክማሉ። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አሉ። እንዲያም ሆኖ የአንዱ ክፉ ወር የሌላው ክፉ ወር የማይሆንበት ጊዜ ይበዛል።

ተዛምዶው ፍጹም 0 ነው ማለት ግን አይደለም። ነዳጅ ሲወደድ አሸዋም ወተትም የሚጓጓዝበት ዋጋ ይወጣል። መንገድ ሲዘጋ ሁለቱም ይቆማሉ። የብር አቅም ሲደክም መኖውም ይወደዳል። ይህ ሁሉ ሆኖ ከብሎኬቱ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

አንድ ነገር አደራ። ተዛምዶው ዝቅተኛ ስለሆነ ብቻ የሚያከስር ሥራ ውስጥ አይገባም። ምንም የማታተርፍ ላም ከሲሚንቶ ጋር ባትያያዝም አታድንሽም። የላሙን ሐሳብ እንድትመረምሪው የምነግርሽ የአክስትሽ ልጅ አምስት ላሞች እያረባች ስለሆነ ነው፤ ሥራውን ታውቀዋለች። አንቺ ራስሽ ከዜሮ ጀምሬ ላም ላርባ ብትዪኝ እቃወምሽ ነበር። መጀመሪያ የዓመቱን የወተት ደብተሯን አሳዪኝ በያት። በጾም ወራት ስንት ሊትር ለማን ሸጠች? ለመኖ ስንት አወጣች? ደብተር ከሌላት ሦስት ወር መዝግቢና እንነጋገር በያት። ካላት ደግሞ ሦስቱን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ላም ጀምሩ።

ገንዘብ ሳታወጪ ልትሠሪው የምትችዪውም ነገር አለ። እንዲያውም ከላሙ በፊት ይህን ብትጀምሪ እመርጣለሁ።

ከሁሉ የሚብሰው ዱቤ ነው። አንድ ኮንትራክተር ከሱቅሽ ሲሚንቶ፣ ከባለቤትሽ አሸዋ፣ ከግቢያችሁ አጣና በዱቤ ወስዶ ከሆነ ሦስት ባለዕዳ የላችሁም፤ አንድ ሰው ሦስት ቦታ ይዟችኋል። ዛሬ ማታ ከባለቤትሽ ጋር ሁለት ደብተር ዘርግታችሁ ስሞቹን አስተያዩ። የሚደጋገም ስም ካለ ከሦስቱ በአንዱ ብቻ ዱቤ ይኑረው፤ ሌላውን በጥሬ ገንዘብ ይግዛ። ደንበኛው ያኮርፍ ይሆናል። ይኩረፍ። ክፍሎቹንም ሁሉንም ለግንበኛ አታከራዩ። ሲለቀቅ ሲለቀቅ ግማሹን ለመምህር፣ ለጤና ባለሙያ፣ ለወር ደመወዝተኛ ስጡ። ኪራዩ ትንሽ ቢያንስ እንኳ የሚከፈልሽ ገንዘብ ከሲሚንቶ የማይመጣ ነው። ሱቁ ውስጥ ደግሞ የጥገና ዕቃ አብዢ፤ የቧንቧ መፍቻ፣ ጓጉንቸር፣ አምፖል፣ የሮቶ መለዋወጫ፣ ቀለም። አዲስ ቤት መሥራት ያቃተው ሰው ያለውን ቤት መጠገኑ አይቀርም። ዕቁቡን ለመተው አትቸኩዪ፤ ማኅበራዊ ነገር አለበት። ግን ሁለተኛ ዕቁብ የምትገቢ ከሆነ ከሲሚንቶ ሻጮች ውጭ ካሉ ሰዎች ጋር ይሁን።

ባለቤትሽን ለማሳመን ከእኔ ስሌት ይልቅ የራሳችሁ መዝገብ ይረዳሻል። ያለፉትን ሁለት ዓመታት የየወሩን ገቢ አውጪ። ለእያንዳንዱ ሥራ የወሩን አማካይ ፈልጊ። ከአማካዩ በላይ የሆነው ወር ላይ የመደመር ምልክት፣ በታች የሆነው ላይ የመቀነስ ምልክት አድርጊ። ከዚያ ሱቁንና ሲኖትራኩን ጎን ለጎን አድርገሽ ምልክታቸው የተመሳሰለባቸውን ወራት ቁጠሪ። ከ24ቱ ወራት 12 ገደማ ከተመሳሰሉ በአጋጣሚ ነው፤ አይተዋወቁም። 20 ወይም 21 ከሆነ አብረው ነው የሚሄዱት። ሳይንሱ ከዚህ የተራቀቀ ነው፤ ለቤት ግን ይህ ይበቃል። የአክስትሽ ልጅ ደብተር ሲመጣም እንዲሁ አድርጊ።

መደበኛውን ወር ብቻ አትዪ። የባሱትን ሦስት አራት ወራት ለይተሽ ሁሉም ሥራ በነዚያ ወራት ምን እንደሆነ እዪ። በደህናው ጊዜ የማይተዋወቁ የሚመስሉ ነገሮች በክፉ ቀን ተያይዘው ይወድቃሉና። በአሜሪካ ከ2008 እ.ኤ.አ. ቀውስ በፊት ባንኮች ከተለያዩ ግዛቶች የተሰበሰቡ የቤት ብድሮችን በአንድ ላይ እያሠሩ ይሸጡ ነበር። የፍሎሪዳና የካሊፎርኒያ ቤት ዋጋ በአንድ ጊዜ አይወድቅም የሚል ግምት ነበራቸው። ወደቀ። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወለድ ሲጨምር የአሜሪካ አክሲዮን በ18 በመቶ ገደማ፣ እሱ ሲወርድ ይደግፋል የተባለው ቦንድ በ13 በመቶ ገደማ፣ ሁለቱም በአንድ ዓመት ወረዱ። እኛም መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ የትኛው ሥራ ከየትኛው ጋር እንደሚያያዝ በአንድ ሳምንት አይተናል። ስለዚህ ተዛምዶ አንዴ ተለክቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በየዓመቱ እዪው።

ባለቤትሽ ምናልባት ሲሚንቶ የጠፋበትን ጊዜ ያነሳብሽ ይሆናል። «ያኔ ሲኖትራኩ ቆሞ ሱቁ አላተረፈም ወይ?» ሊልሽ ይችላል። ልክ ነው፤ በመጋዘኑ ሲሚንቶ የነበረው ሰው አትርፏል። እንዲህ ያለ ወር ግን አንድ ሁለት ነው። መዝገቡ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነም ትቆጥራላችሁ።

ሀብት የሚፈጠረው አንድ ነገር ላይ አተኩሮ ነው የሚሉም አሉ። ለጀማሪ እውነት አለው፤ እናንተም ለዚህ የበቃችሁት ግንባታን ጠንቅቃችሁ ስላወቃችሁ ነው። ሱቁን ሽጪ፣ መኪናውን ሽጡ የሚል ምክር ከእኔ አይወጣም። የምታውቁት ሥራ ይቀጥል። የምንነጋገረው ስለሚቀጥለው 900 ሺህ ብር ብቻ ነው።

ከዚያ ውስጥ 300 ሺህ ያህሉ ባንክ ይቀመጥ። ወለዱ ከዋጋ ንረት ጋር እኩል አይሮጥም፤ ይህ ያናድዳል። ሥራው ግን ማትረፍ አይደለም። ግንባታ በቆመበት ወር ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት፣ ሠራተኛ ሳይበተን የሚከፈልበት ገንዘብ ነው። ሌላው ሰው ተጨንቆ ዕቃ በርካሽ ሲሸጥም የምትገዢበት ይሆናል። ቁም ነገሩ ከሲሚንቶ ጋር አብሮ አለመውደቁ ነው። ዶላር ከጥቁር ገበያ ገዝተሽ አስቀምጪ የሚልሽ አይጠፋም፤ እሱ ሕግ መጣስ ነው፣ ተዪው።

አክሲዮንም አለ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 በይፋ ተከፍቷል፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነበር። በጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በ300 ብር ለሽያጭ ሲያቀርብ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። አክሲዮን እንግዲህ የሀብታም ብቻ አይደለም። ለአንቺ ስመርጥ ግን አንድ ነገር አያለሁ። ባንኮች ለግንባታ ያበድራሉ፤ መያዣ አድርገው የሚይዙትም ብዙ ጊዜ ሕንፃ ነው። የባንክ አክሲዮን ከሱቅሽ ጋር ትንሽ ዝምድና አለው። ከብሎኬቱ የራቀ ነው፤ ከስልክ ኩባንያ ወይም ከኢንሹራንስ ግን የቀረበ ነው። ሪል ስቴት አክሲዮን የሚሸጥልሽ ከመጣ ጭራሽ በሩን ዝጊበት። የምትገዢበት ደላላ ወይም አገናኝ ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው መሆኑንም አጣሪ። ለመጀመሪያ ጊዜ 100 ሺህ ብር ይበቃል። የቀረውን ለላሞቹ ያዢ፤ ከተረፈ ደግሞ ክረምቱ እስኪያልፍ ባንክ ይቆይ።

የብሎኬቱን ነገር ለባለቤትሽ ወንድም ስትመልሺ «ላም መረጥን» አትበዪው፤ ቤተሰብ ነው፣ ይከፋዋል። ዱቤያችንን ሳንሰበስብ ሌላ የግንባታ ሥራ አንጀምርም በዪው። እውነትም ነው።

ከአክስትሽ ልጅ ጋር ውል ስትጽፉ ደግሞ ዘመድ ነን ብላችሁ አትዝለሉት። ላም ብትሞት ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ፣ የሐኪምና የመኖ ወጪ ከመካፈሉ በፊት ይቀነስ ወይስ በኋላ፣ የሚወለደው ጥጃ የማን እንደሆነ ቀድማችሁ ጻፉ። ጥጃው ላይ ብዙ ዘመድ ተጣልቷል።